ዑድ ይዞ ወረታ የቀረው ሾፌር

ልጅ እያለሁ ዓይኔን ብትሸፍኑኝ እንኳ ወረታ ውስጥ የት እንደቆምኩ በጆሮዬ አውቅ ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፉት ከባድ መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ ያጓራሉ። ከጓሮ በኩል የአባቴ ተማሪዎች ጎጇቸው ደጅ ላይ ተኮልኩለው ዜማ ይቀጽላሉ። አባቴ መርጌታ ነበር፤ ድጓ ያስተምራል። አንዱ ተማሪ አንዲት ድምፅ ከሳተ፣ አባቴ ምሳ እየበላም ቢሆን እጁን ከመሶቡ መልሶ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል። ልጁ በግድግዳው አሻግሮ ያየው ይመስል ወዲያው ያርማል። የገበያ ቀን ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የፎገራ ከብት እምቧታ ይጨመርበታል። ጥር ሲገባ የሽምብራ እሸት ተሸካሚዎች "እሸት፣ እሸት" እያሉ ያልፋሉ፤ እሸቱ ጣታችን ላይ የሚተወው የጨው ጨው የሚል ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ዘፈን ከተባለ ግን የምናውቀው ማሲንቆና ከበሮ ነው። ጎረቤታችን ሬዲዮ ነበራቸው፤ ባትሪው እንዳያልቅ እየሰሰቱ ለዜና ብቻ ይከፍቱታል። ከማሲንቆ፣ ከክራርና ከበገና ሌላ ባለ ክር መሣሪያ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አስቤም አላውቅም።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ታላቅ እህቴ እናትነሽ ልትዳር ነበር። ሙሽራው የሐሙሲት ልጅ ነው። የሐሙሲት ሰው በጭፈራ አይታማም፤ ሠርግ ሄዶ የአገሩን ዘፋኝ ከሌላው እያወዳደረ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራ ይከርማል። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ገና ከመስከረም ጀምራ ታከለ የሚባለውን አዝማሪ ቃል አስገብታዋለች። በእኛ በኩል የታከለ ማሲንቆ ያልተሰማበት ሠርግ እንዳልተደገሰ ነው የሚቆጠረው። ሠርጉ ሊደርስ ሲል የወረዳው የኪነት ቡድን ለውድድር ደብረ ታቦር ይውጣ ተባለና ታከለን ከነማሲንቆው ወሰዱት። ደርግ ነው፤ እምቢ ማለት አይታሰብም። መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ደጃችን መጥቶ ለእናቴ እጅ ነሳ።

"እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። "እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። ስለ ትራክተር የሚዘፈን እያስጠኑኝ ነው።"

እናቴ መረቀችው እንጂ አልተቆጣችውም። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ጌሾ የምትወቅጥበት ሙቀጫ አጠገብ ቁጭ ብላ ቀረች። "የሐሙሲት ሰው ዳሴ ውስጥ ተቀምጦ ሲያዛጋ ልየው?" አለች። እናትነሽ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ለእኔ ያኔ የዓለም ትልቁ መከራ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መኪናው የተሰበረው። ኑግ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ከደብረ ታቦር ሲወርድ ቆይቶ ልክ መታጠፊያው ላይ፣ ከቤታችን ማዶ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ እንክት አለ። ሾፌሩ ወርዶ አየውና ሳቀ። ሰው መኪናው ተሰብሮበት ሲስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ጀማል ይባላል፤ ከድሬዳዋ የመጣ፣ ሰፊ ትከሻና ትንሽ ሽበት ያለው ሰው ነው። መለዋወጫው ከጎንደር እስኪመጣ መጠበቅ ስለነበረበት ረዳቱን ልኮ እሱ ከመኪናው ጥላ ሥር ምንጣፉን ዘረጋ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ከሙሉ ጋር ውኃ ቀድተን ስንመለስ ያን ድምፅ ሰማን። ወፍራም ነው፤ ግን አይከብድም። ውኃ ገንቦ ውስጥ ሲንቆረቆር ያለው ዓይነት ክብነት አለው። ሙሉ "መኪናው ነው የሚዘፍነው" አለችኝ፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ አምኛት ነበር። ዞር ብለን ስናይ ጀማል ሆዱ እንደ ግማሽ ዱባ የተነፋ፣ አንገቱ ወደ ኋላ የተሰበረ መሣሪያ ታቅፎ ተቀምጧል። ማቀፉን እንጂ መያዙን አላስታውስም፤ እንቅልፍ የመጣበትን ሕፃን ነበር የሚመስለው።

"ክራር ነው?" አልኩት።

"የክራር አጎት ነው" አለኝ። "ዑድ ይባላል። ነይ፣ ሆዱን ንኪው።"

ነካሁት። አንዱን ክር ሲመታው እንጨቱ መዳፌ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ንዝረቱ እስከ ክንዴ ድረስ ወጣ። ገንቦውን እንዴት እንዳልጣልኩት እንጃ።

ጀማል ግን አንድ ችግር ነበረበት። ዑድ የሚመታው በጣት ብቻ አይደለም፤ ሪሻ በሚሉት የተሳለ የላባ ዘንግ ነው። የእሱን ሪሻ ረዳቱ ሳያይ ተቀምጦበት ሰባብሮታል። ጣቱ ደግሞ ቶሎ ይዝላል። ይህን ሲነግረን ላባ ፍለጋ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተበተንን። መጀመሪያ የአውራ ዶሮ ላባ አመጣን፤ ገና ክሩን ሲነካው ተጣጠፈ። ከርብ ወንዝ ዳር የውኃ ወፍ ላባ ለቅመን መጣን፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ እኔና ሙሉ ሥጋ ቤቶቹ አጥንት ከሚጥሉበት ሜዳ ሄደን የጆፌ አሞራ ላባ አገኘን፤ ዘንጉ እንደ ጣቴ ይወፍራል። እናቴ ሽታው ደርሷት "የጥምብ አሞራ ላባ ይዛችሁ ደጄን እንዳታልፉ" ብላ በወንፊት አባረረችን። ጀማል ግን ላባውን ቀቀለው፣ ዘይት ቀባው፣ በምላጭ ሰንጥቆ ጫፉን አሾለና ክሮቹ ላይ ወረደባቸው። ያ የገንቦ ውኃ የነበረው ድምፅ የርብ ሙላት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን ሩጫችን ወደ መኪናው ነው። ጀማል ከአብዮቱ በፊት፣ ገና ወጣት ሳለ፣ በመኪናም በጀልባም ብዙ አገር ዞሯል። የሄደበትን አገር የሚተርክልን ግን በወሬ አይደለም። ዑዱን ያነሳና "አሁን ገዳሪፍ ነን" ይላል። የሱዳኖቹን ምት ሲጀምር ትከሻችን ሳናዘው ይነቃነቃል፤ ቃናው ከእኛ ብዙም አይርቅም፣ አካሄዱ ግን ጭነት የለመደ ግመል እንደሚራመደው ወዲያና ወዲህ ይላል። ቀጥሎ "ሞቃዲሾ" ይላል። እዚያ ዑዱን ካባን ነው የሚሉት አለን፤ ለግጥም የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። ጣቱ ክሮቹ ላይ የሚሮጠው ቃል የሚያመልጠው ይመስል ነበር። የሐረሩን ሲመታ ለእኔና ለሙሉ እንጨት ይሰጠንና የአገሩ ሴቶች በሠርግ እንደሚያደርጉት እንድናጋጭ ያደርገናል። ከሁሉ ግራ ያጋባን የዛንዚባሩ ነበር። ታዕራብ ይሉታል፤ አመሻሹ ላይ ባሕር ዳር ተቀምጠው፣ ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው የሚሰሙት ነው። በእሱ ውስጥ የእኛ ጆሮ የማያውቃት አንዲት ድምፅ አለች። ከፍ ብላ ሌላ ቃና ላይ ልትደርስ ስትል መንገድ ላይ ትቆማለች። ሙሉ በሰማቻት ቁጥር ጥርሷን የበረደው ሰው ትመስላለች።

እኛ ደግሞ በራሳችን ስም አወጣንላቸው። የሱዳኑ "የግመሉ" ተባለ፤ የሞቃዲሾው "የችኩሉ"፣ የዛንዚባሩ "የባሕሩ"። አንዱን ጀምሮ ሲያቆም ማን ቀድሞ እንደሚለይ እንወራረዳለን። ባሕር የምናውቀው ጣናን ነው፤ የጨው ውኃ ምን እንደሚመስል ጠይቀነው "ቅመሱኝ የሚል ሰማይ ነው" አለን። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ጂኦግራፊ የትኛውም እንዲህ ዓይኔ ላይ አልተሳለም።

አባቴ ይህን ሁሉ ከጎጆው ደጅ ሆኖ ይሰማ ነበር። ቀና ብሎ አያይም፤ ተማሪዎቹ ጆሯቸው ወደ መንገዱ ሲያዘነብል በመቋሚያው መሬቱን ይነካል። አንድ ቀን ግን ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ሰው ትናንት የመታውን ዛሬ ለምን ተወው?" አለኝ።

"የትኛውን አባባ? የግመሉን?"

"የግመሉ የትኛው ነው?"

አዜምኩለት። "እሱን አይደለም" አለኝ። "መንገድ ላይ የምትቆም ድምፅ ያለችበትን።" ሮጬ ሄጄ ለጀማል ነገርኩት። ጀማል ሳቀና የባሕሩን ከላይ እስከ ታች ተጫወተው። ስመለስ አባቴን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ተነስቶ አገኘሁት። ይህን ለእናቴ ስነግራት የምትወቅጠውን አቆመች። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ፣ ፊቱን ሳታይ፣ ለእናትነሽ ሠርግ ሾፌሩን ብንለምነውስ ስትል ጀመረች።

አባቴ እጁን ከመሶቡ መለሰ። "የመርጌታ ልጅ ስትዳር፣ ማንም የማያውቀው የዓረብ መሣሪያ ዳሱ ውስጥ ሊመታ ነው?"

"ታዲያ የታከለ ማሲንቆ ማሕሌት ነበር እንዴ?" አለች እናቴ። "ካህናቱ እንደሆኑ ባርከው፣ በልተው ይሄዳሉ። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ ራስዎ ሰምተው ይወስኑ።"

በማግስቱ አባቴ ነጠላውን አደግድጎ፣ መቋሚያውን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። እናቴ፣ እናትነሽና እኔ ከኋላ ተከተልን። ጀማል ሲያየው ብድግ ብሎ ምንጣፉን አራገፈና "አባ፣ ና እዚህ ጋ ቁጭ በል" አለው። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ወረታ ውስጥ አባቴን አንተ የሚለው ሰው አያቴ ከሞቱ ወዲህ አልነበረም። ከጎንደር የተመለሰው ረዳት ደነገጠና "መርጌታ ይቅርታ፣ የድሬ ሰው እንዲህ ነው። ለትልቅም ለትንሽም አንተ ነው የሚለው" አለ።

"እኛስ ፈጣሪን አንተ አይደል የምንለው" አለ አባቴ፤ ምንጣፉም ላይ ተቀመጠ።

ጀማል የባሕሩን ጀመረለት። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማና "ይህች መካከል ላይ የምትቆመው ድምፅ፣ ስተህ ነው ወይስ ሆን ብለህ?" ብሎ ጠየቀው።

"ሆን ብዬ ነው አባ። ያስተማረኝ ሽማግሌ እሷን ካላገኘህ ምሳ የለም እያለ ነበር የሚያስለቅሰኝ።"

አባቴ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ማየት ብርቅ ነበር። "እኔም ተማሪዎቼን እንዲሁ ነው የማደርጋቸው" አለ። ከዚያ ቃል የሌለው ነገር በዝግታ ያንጎራጉር ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ አልነበረም፤ ያን እንዲህ ባለ ቦታ አያነሳውም። ጀማል ጆሮውን አቅርቦ ሰማና ሪሻውን ትቶ በጣቱ ብቻ፣ ኮቴውን እንደሚደብቅ ሰው፣ ተከተለው። አባቴ ሲወርድ ዑዱም ይወርዳል፤ አባቴ ሲያቆም እሱም ይጠብቃል። መንገደኛው ሁሉ አህያውን እየገታ ቆመ። ሲጨርሱ አባቴ ነጠላውን አስተካክሎ ተነሳና ለእናቴ "የሴቶቹን ዘፈን አስጠኑት" ብቻ ብሏት ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ።

የዚያን ሳምንት ደስታ በምን ልንገራችሁ። የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርት እየላጡ ይዘፍናሉ፤ ጀማል ከደጅ ተቀምጦ ዜማውን በዑዱ ይለቅማል። ሲሳሳት የሽንኩርት ልጣጭ ይወረውሩበታል። እሱም በተራው ሙያ አሳያቸው። ያኔ ሩዝ ለፎገራ ገና አዲስ ነበር፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዝሩ ብሎ ሰጥቶ፣ ሰው ግን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ ገንፎ ልታደርገው ሞክራ ለዶሮ ሰጥታዋለች። ጀማል በትልቅ ብረት ድስት፣ በቅቤ፣ በቀረፋና በሄል አበሰለው። እናቴም በግ ገዝታ፣ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ባርከው ካረዱለት በኋላ፣ ከሩዙ ጋር የሚበላው ወጥ ለብቻው ሠራችለት። ሽታው መታጠፊያው ድረስ ደርሶ ሌሎች ሾፌሮች ሳይሰበርባቸው ይቆሙ ጀመር።

ሠርጉ ነገ ሊሆን ግን ባሌስትራው ተገጥሞ አለቀ። ኑጉ የመንግሥት ነው፤ መኪናው ከተሠራ ጀማል ማደር አይችልም። እናትነሽ ሰማችና ገና እጇ ላይ ያልደረቀውን እንሶስላ እያየች "ይሂድ፣ እንጀራው ነው" አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር የመሄጃ ወረቀቱን ሊፈርም መጣ። ቁመናው የሚያስፈራ፣ ሁልጊዜ ካኪ የሚለብስ ሰው ነው። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ስለ መኪና ምንም እንደማያውቅ ወረታ ሁሉ ያውቃል። እናቴ በቀደም ለሠርጉ ጠርታዋለች።

"ይሄ መኪና ገና ነው" አለ በመጨረሻ።

ረዳቱ "ጓድ ሊቀመንበር፣ አልቋል እኮ። አሁን አስነስቼው..." ሊል ሲል ጀማል እግሩን ረገጠው።

"ገና ነው" አለ ሊቀመንበሩ እንደገና። "እዚያ ጋ ያለው ብሎን አላማረኝም። የሕዝብ ንብረት ነው፤ ከነገ ወዲያ አጥብቃችሁ ትሄዳላችሁ።" ከዚያ ብዕሩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ረዳቱ ያን ቀን ሙሉ አንዱን ብሎን ሲፈታና ሲያስር ዋለ።

በማግስቱ የሐሙሲት ሰዎች እየጨፈሩ ዳሱ ገቡ። ካህናቱ ባርከው፣ ምሳው ተበልቶ፣ ጠላው ከዞረ በኋላ ጀማል ብቅ አለ። እንግዶቹ መሣሪያውን ሲያዩ ተጠቃቀሱ። አንዷ የሙሽራው አክስት "ምጣድ ነው ወይስ ከበሮ?" ስትል ሳቁ። ጀማል ጀመረ፤ ሴቶቹም ተቀበሉት፤ ከበሮውም ጎረሰው። ዑድ ድምፁ ትሁት ነው፤ በከበሮና በጭብጨባ መካከል ምንም አልተሰማም። ጣቶቹ ሲሮጡ ይታየኛል፣ ወደ ጆሮዬ የሚመጣው ግን የከበሮው ድብድብ ብቻ ነው። ጀማልን ግንባሩን አላበው። እናቴን አየሁ፤ ዓይኗ የሐሙሲት ሰዎች ላይ ነበር።

ያኔ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። መቋሚያውን ወደ ላይ ሲያነሳ ዳሱ ጭጭ አለ። ወደ ከበሮ መቺዋ ሄዶ "በመዳፍሽ አይደለም ልጄ፣ በጣትሽ ጫፍ" አላትና ራሱ ነካ ነካ አድርጎ አሳያት። ለአጨብጫቢዎቹም እንዲሁ መዳፋቸውን ጎድጎድ እንዲያደርጉ ነገራቸው። ተመልሶ ተቀመጠ። ጀማል እንደገና ሲጀምር ሰው ሁሉ ሊሰማ ወደ ፊት አዘነበለ፤ እንዳዘነበለም ትከሻው በዜማው ተያዘ። ቁጭ ብሎ እስክስታ የሚወርድ ዳስ ሙሉ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጀማል የእኛን የሠርግ ዜማ ይዞ ሄደና ሳናውቀው ወደ ግመሉ አሻገረው። ይህን ጊዜ ከሐሙሲት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ድሮ ለጥጥ ለቀማ ገዳሪፍ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው፣ ዱላቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ጣታቸውን እያጮሁ፣ በሱዳኖቹ አጨፋፈር ዳሱን ዞሩት። "ምጣድ" ያለችው አክስት ተከተለቻቸው። እናትነሽ ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች የሚባለውን ረስታ ትስቅ ነበር። ጀማል ከግመሉ ወደ ሐረሩ፣ ከሐረሩ ወደ እኛው እየተመላለሰ፣ የየትኛው አገር እንደሆነ የማይለይ አንድ ዜማ ወለደ። ፀሐይ እስክትጠልቅ የዜማውን ስም የጠየቀ የለም።

በነጋታው ጀማል ሲሄድ አባቴ እስከ መኪናው ሸኘው። "እርስዎ ማለት ሳላስተምርህ ሄድክ" አለው።

"አንተም ዑድ ሳትማር ቀረህ አባ" አለው ጀማል። ተቃቅፈው ተሰነባበቱ። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ሐሙሲት ሲወርድ አቧራው ውስጥ እስከ ከተማው ጫፍ ሮጥን።

ዛሬ ወረታ ሌላ ናት። መታጠፊያው ላይ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፤ ያኔ ለዶሮ የሰጠነው ሩዝ አሁን የአገሩ መተዳደሪያ ነው፤ መፈልፈያው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አባቴም ሙሉም በሕይወት የሉም። ባለፈው የልጄ ልጅ ስልኳን ከፍታ ዑድ ብላ ስትጽፍበት የሱዳኑም፣ የሶማሌውም፣ የዛንዚባሩም ተደርድረው መጡ። ጽሑፉን ሳላይ የየት እንደሆነ አንድ በአንድ ስነግራት አፏን ከፍታ ቀረች። እኛ ድምፅ ሰው ይዞት እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር፤ ሲመጣ እጃችንን ሆዱ ላይ እናደርጋለን፤ ሲሄድ አቧራው ውስጥ እንሮጣለን። እሷ መጠበቅ የለባትም፤ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ታሳዝነኛለች።

እዚያ ስልክ ውስጥ የሌለ አንድ ዜማ አለ፤ ጀማል ዳሳችን ውስጥ የወለደው። ማንም አልቀዳውም። እኔና እናትነሽ በዓል ሲያገናኘን እናዜመዋለን። እስከ መካከሉ አንድ ነን፤ መጨረሻው ላይ እሷ ከፍ አድርጋ ትዘጋዋለች፣ እኔ ዝቅ አድርጌ። ፈራጅ የለንም። ስለዚህ መጀመሪያ በእሷ፣ ቀጥሎ በእኔ እናዜመውና፣ ሁለት አሮጊቶች፣ ቁጭ ብለን ትከሻችንን እንሰብቃለን።